አንቀመጥም ያልንበት ቢሮ

ሽማግሌ ለልመና የሰው ቤት ሲገባ ቶሎ አይቀመጥም። ባለቤቱ ወንበር ይስባል፣ አጎዛ ያነጥፋል፣ «ኧረ አረፍ በሉ» ይላል፤ ሽማግሌው ግን ዱላውን ተደግፎ እንደቆመ «የመጣንበትን እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ብሎ ይመልሳል። ሽበት ያለው ሰው ፊትህ ቆሞ አንተ እንዴት ብለህ ትቀመጣለህ? ብትናደድም፣ እውነቱ ያንተ ቢሆንም፣ መጨረሻ ላይ እሺ ትላለህ። በእኛ አገር፣ በሐይቅም በአምባሰልም፣ ስንት ደም የደረቀው፣ የስንት ሰው ትዳር የተመለሰው እንዲህ ነው። እኔም ከአባቴ ወርሼ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ስለምን ኖሬያለሁ። እምቢ ብሎ የመለሰኝ ሰው ትዝ አይለኝም። በዚህ እኮራ ነበር።

አሁን የምጽፈው የማፍርበትን ነው።

እኔ ገበሬ ነኝ። ማሳዬ ከሐይቁ ዳር ፈቀቅ ብላ ነው ያለችው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ማንበብ እችላለሁ፣ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሰው እያረፍኩ ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉኝ። ከሰው አልጣላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማኛል፣ ለዚህ ነው። ባለቤቴ «አንተ ደግሞ ማንን ልታስተምር ነው?» ብላ ስቃብኛለች። እኔም አብሬያት ስቄያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የነበረው ዳይሬክተር ጡረታ ወጣና በእሱ ቦታ አንድ ወጣት መጣ። ከደላንታ በኩል ነው አሉ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲያናግሩት ጎንበስ ብሎ የሚሰማ ልጅ ነው። የበፊቱ ዳይሬክተር የቁልፍ ሰው ነበር፤ ወንበር ቢሰበር፣ ቆርቆሮ ቢነቀል፣ እንግዳ ቢመጣ ያውቃል። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ግን የአስተማሪው ጉዳይ ነው ባይ ነበር። እኛም ዳይሬክተር ማለት እንደዚያ ይመስለን ነበር።

አዲሱ በክረምት ደሴ ላይ ለዳይሬክተሮች የተሰጠ የአመራር ሥልጠና ወስዶ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ስብሰባችን ደብተሩን አውጥቶ የተማረውን ነገረን። የዳይሬክተር ዋና ሥራው ልጆቹ መማራቸውን ማየት ነው፤ ክፍል ገብቶ መስማት፣ አስተማሪውን ማገዝ፣ የባከነውን እንዲካካስ ማድረግ፤ ወንበርና ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ ይደርሳል አለ። እኔ ደግሞ ሰብሳቢ ነኝና አንድ ነገር መናገር ስላለብኝ፣ «ታዲያ አንተ ክፍል ለክፍል ስትዞር ቢሮውን ማን ይጠብቃል?» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና «ቢሮው እግር የለውም አባት፣ የትም አይሄድም» አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ልጆቹን በስማቸው እየጠራ ያስገባል። ክፍል ይገባና ከኋላ የልጆች ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ሲወጣ አስተማሪውን ሰው ፊት አይናገረውም፣ ዛፍ ሥር ብቻውን ወስዶ ያወራዋል። ከቢሮው ውጭ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለ። ከላይዋ «የባከነ ክፍለ ጊዜ» ይላል። አስተማሪ ቀርቶ ያልተሰጠ ትምህርት ካለ፣ የስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ምን ትምህርት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚካካስ በጠመኔ ይጽፍባታል። ሲካካስ ያጠፋዋል። የአስተማሪ ስም አይጽፍም፤ ግን ማን እንደሆነ ማን ያጣዋል? መጀመሪያ አስተማሪዎቹ አጉረመረሙ፣ ቆይተው ለመዱት። ልጁን ሊያደርስ የመጣ ወላጅ ሰሌዳዋን ሳያይ አያልፍም ነበር። እኔም እያረፍኩ አነባት ነበር።

ከሰሌዳዋ የማይጠፋ አንድ ነገር ነበር፤ ሒሳብ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው።

የእህቴ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሲያስተምር ልጆቹ ይወዱታል። ግን ባጃጅ ገዛ። በገበያ ቀን ከገጠር ወደ ሐይቅ የሚገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ራሱ ይነዳል፤ ስለዚህ በገበያ ቀን ሒሳብ የለም። ውሎ አድሮ በማግስቱም የለም፣ ደክሞታላ። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ ዛፍ ሥር ወስዶ መከረው። አልሆን ሲለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈበት።

ያን ዕለት የእህቴ ልጅ በባጃጁ ቤቴ ድረስ መጣ። «አጎቴ፣ ይኼ የደላንታ ልጅ ወረቀት ጀመረብኝ እኮ» አለ እየሳቀ። «አንቱ አንዴ ብቅ ይበሉለት።»

ለዘመድ ሽማግሌ መሆን ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ብልሃት አበጀሁ። አብረን ስንሸመግል የኖርን አንድ ቄስ አለ፣ ጎረቤቴ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ለማኙ እሱ እንዲመስል እሱን ከፊት አስቀደምኩና እኔ ከኋላ ሆንኩ።

ቢሮው ገባን። ዳይሬክተሩ ብድግ ብሎ ሁለት ወንበር ሳበ። «አንቀመጥም» አልን። ለምን እንደመጣን ስንነግረው ፊቱ ከበደው። ረጋ ብሎ ሊያስረዳን ሞከረ፤ ልጆቹ ስንት ቀን ሒሳብ እንዳጡ ከደብተሩ እያወጣ አሳየን። እኛ ደብተር ልናይ አልመጣንም። ቄሱ በእመቤቴ ይለዋል፣ እኔ በአላህ እለዋለሁ። «ጉልበቴን ታውቀዋለህ ልጄ፣ አታቁመኝ» ይላል ቄሱ፣ ጉልበቱን በእጁ ጨብጦ። ሦስታችንም ቆመናል፤ ወንበሮቹ መሀላችን ባዷቸውን ናቸው። በመጨረሻ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አወጣና ቀደደው። ያኔ ተቀመጥን።

እኔ ይኼ አልበቃኝም። ሰሌዳዋ ላይ ያለውም ይጥፋለት፣ ሰው እያየው ነው አልኩ። ወጥቶ በመዳፉ አጠፋው። ተመልሶ ሲገባ መዳፉ በጠመኔ ነጭ እንደሆነ መረቅነው፤ እኔ ዱዓ አደረግሁለት፣ ቄሱ በራሱ ደንብ መረቀው፣ እሱ «አሜን» አለ። ስንመለስ ቄሱ እያነከሰ «እኔና አንተ ከቆምን የግሸን ተራራም እሺ ይላል» አለኝ። ሳቅን። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሁለተኛው ልመና ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ሆኖ አለፈ። በሦስተኛው ግን ደብዳቤው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጩ የሚሄድ ነበር። ገና አልተላከም። ዳይሬክተሩ ያን ቀን ወንበር አልሳበም። መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ሜዳው ሲያይ ቆየና ዞረ።

«አባቶቼ፣ እናንተ የምትለምኑኝ ወረቀት ይመስላችኋል» አለ። «እየለመናችሁ የምትወስዱብኝ ሥራዬን ነው። ይኼን ከቀደድኩ ነገ ሌላውን አስተማሪ በምን አፌ እናገረዋለሁ?»

መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«አብሽር ልጄ» አልኩት። «ነገ በዚህ ማንም ቢናገርህ እኛ አለን። ቆመን እንመሰክርልሃለን።»

አየኝ። አመነኝ። ቀደደው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ መንገድ ሆነ። ሌላውም አስተማሪ መቅረት ሲያምረው አስቀድሞ ሽማግሌ ያዘጋጃል፤ ደብዳቤው ሳይጻፍ ሽማግሌው በር ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጠዋት በር ላይ መቆሙን አልተወም፤ ክፍል መግባቱን ግን እያሳነሰ መጣ። በመጨረሻም ሰሌዳዋ ላይ መጻፉን ተወ፤ ጽፎ በመዳፍ ከማጥፋት አለመጻፍ ይሻላል ብሎ ይሆናል። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ሰሌዳዋ ንጹሕ ናት። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ወረደ» እያልኩ አልፍ ነበር።

የልጄ ልጅ ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ የክልሉን ፈተና ትወስዳለች። አንድ ቀን ገና ረፋዱ ላይ ቤት መጣች። ቶሎ ተለቀቃችሁ ወይ ብላት፣ ሒሳብ የለም አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ነበር የቆዩት። የማን እህት ጂዳ እንደገባች፣ የማን ፓስፖርት እንደደረሰ ሲያወሩ ነበር። ከጓደኞቿ አንዷ ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ከመዋል እኔም ጂዳ እሄዳለሁ ብላለች። ይኼን ነግራኝ ስታበቃ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አባባ፣ እናንተ አስታርቃችሁ ስትመጡ እኛ ሜዳ ላይ ነን» አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም። ዝናብ ጣለ እንደሚባለው ነው ያለችው። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ብዬ ዝም አሰኘኋት። ልክ መሆኗ ስለገባኝ ነው የተቆጣሁት፤ ያን ጊዜ ግን ይኼን ለራሴም አልነገርኩትም።

ክረምት ገብቶ ውጤት ሲመጣ ከልጆቹ ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ የጣላቸው ሒሳብ ነው። የልጄ ልጅም አላለፈችም። ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡና የዳይሬክተሩ ግምገማ ተጠራ። በቦታው ይቀጥል ወይም ይውረድ የሚለው ያን ቀን እንደሚለይ ሁላችንም አውቀናል። ቄሱ ቀብር ሄዶ ስለነበር አልመጣም። ካደረግነው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስብሰባው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሰው የሚናገረው እየጮኸ ነው። የእህቴ ልጅ ከእኔ ሁለት ዴስክ አለፍ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ከወረዳ ከመጡት አንዱ፣ መነጽር ያደረገው፣ ይኼ ሁሉ ትምህርት ሲባክን ዳይሬክተሩ ምን እርምጃ እንደወሰደ ጠየቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ነበር አለ ዳይሬክተሩ። ደብዳቤዎቹ የታሉ ተባለ። ቀድጃቸዋለሁ አለ። ሰው ሳቀ። ለምን ቀደድካቸው ብሎ ጠየቀው ሰውዬው።

ዳይሬክተሩ ስሜን አልጠራም። ቄሱንም አልጠራም። ለሽማግሌ ክብር ብሎ ነው። ወደ እኔ አየ፤ የሚያየኝ እንደ ከሳሽ አይደለም፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ብነሳ የምለውን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቃል ነው፤ «ያስቀደድነው እኛ ነን» ማለት ነው። ግን የእህቴ ልጅ አለ። የእህቴ ፊት አለ። ደግሞም፣ እውነቱን ልጻፈው፣ ሽምግልናዬ ጥፋት ነበር ብዬ አገር ፊት መናገር ሞት መሰለኝ።

ባለመነጽሩ ወደ እኔ ዞረና የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ምን እንደሚል ጠየቀ። ልነሳ ስል «ተቀምጠው ይናገሩ አባት» አለኝ። ደስ አለኝ። ተቀምጬ ተናገርኩ።

«ጥሩ ልጅ ነው» አልኩ። «ሰው አክባሪ ነው። ብቻ ትንሽ ይላላል፤ እምቢ ማለት አይችልም።»

ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ ጻፈው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አይቻለሁ። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም፤ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ።

ስብሰባው ሲያልቅ ግቢው ጭቃ ሆኖ ነበር። በዱላዬ እየሞከርኩ ስወርድ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ዳይሬክተሩ ነው። «እዚህ ጋ ያዳልጣል አባት» አለኝና እስከ በሩ አሻገረኝ። በሩ ላይ ለቀቀኝና ተመለሰ።

መስከረም ሳይጠባ ከቦታው አነሱት። ተራ አስተማሪ ሆኖ አምባሰል፣ ተራራው ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመደበ። እቃውን በአንድ ሻንጣ ይዞ ሚኒባስ ሲሳፈር አይቻለሁ፤ መንገዱ ማዶ ነበርኩ፤ አልተሻገርኩም።

በእሱ ፋንታ አንዲት ሴት ዳይሬክተር መጣች። ገና በሳምንቷ ዕቃ ቤቱን ስታስጠርግ ከግድግዳው ወርዳ የተጣለችውን ያቺን ትንሽ ሰሌዳ አገኘቻት። አቧራዋን ጠርጋ አሳየችኝና ለምን እንደነበረች ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። በራሷ ላይ «የባከነ ክፍለ ጊዜ» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ እያረፍኩ ሳነባት የኖርኩት እኔ፣ አላውቅም አልኳት። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ታመሃል ወይ አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰደቃ ላይ ዱዓ ጀምር ሲሉኝ ለሌላ ሰው እሰጥ ጀመር። ሰው ትሕትና መሰለው።

በመጨረሻ ለቄሱ ሆዴን ነገርኩት። እሱም ከብዶት ኖሯል። «ምን ችግር አለው፣» አለኝ፣ «ወጥተን ይቅርታ እንጠይቀዋለን። እኔና አንተ፣ አንድ ሌላ ሰው እንጨምርና ሦስት እንሁን። ደጁ ላይ ከቆምን እምቢ ብሎ አይመልሰንም።»

እሺ ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። እውነት ነው፣ አይመልሰንም። አሁንም ልናስገድደው ነው። ሥራውን ቆመን ወሰድንበት፤ አሁን ደግሞ ይቅርታውን ቆመን ልንወስድበት ነው። ቄሱን እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩት። ጉልበቴን ንቀህ ነው ወይ ብሎ ተቀየመኝ።

አንድ ጠዋት በሚኒባስ እስከ ውጫሌ ሄድኩና ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ማርም ቅቤም አልያዝኩም፤ ስጦታም እንደ ሽማግሌ ሰው ያስገድዳል። ስደርስ ክፍል ውስጥ ነበር። ከመስኮቱ በታች ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ እዚያም ዝቅ ያለ ነው። ልጆቹ ግን ዝም ብለው ይሰሙታል። ተደውሎ ሲወጣ አየኝ። ደነገጠ፣ ቤት ሰው ሞተ ብሎ መሰለኝ። ከክፍሉ ወንበር ይዞልኝ መጣ።

ገና ወንበሩን ሲያስቀምጠው ቁጭ አልኩ። ወግ ያውቃልና ገባው፤ አየሁት። እሱ ሳይቀመጥ ቀረ።

«ለሽምግልና አይደለም የመጣሁት» አልኩት። «ብቻዬን ነኝ፣ ተቀምጫለሁም። እምቢ ብትለኝ ማንም አይሰማም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ደብዳቤዎቹን የእህቴ ልጅ ስለሆነ ብዬ እንዳስቀደድኩ፣ ቄሱን ከፊት ያደረግሁበትን ብልሃት፣ ግምገማው ላይ ልነሳ ስችል መቀመጤን፣ ስለ ሰሌዳዋ አላውቅም ማለቴን። ቆሞ ሰማኝ። እጁ ላይ ጠመኔ አለ፤ በጣቱ ያሸዋል።

«ያን ቀን ዝናቡን ነበር የምሰማው» አለ። «አባት አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይነሳሉ እያልኩ።»

«አፉ በለኝ» አልኩት።

ልጆቹ ሜዳው ላይ ይጮሃሉ።

«ዛሬ አልችልም» አለ። «ውሸት እንዳልነግርዎት ነው። ደግሞ ይኼን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። የማያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው።»

ውኃ አጠጣኝ፣ የልጄን ልጅ ስሟን ጠርቶ ጠየቀኝ፣ ዓመቱን እየደገመች ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሲደወል ተመልሶ ገባ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እምቢ ተብዬ ስመለስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ አረፍኩ።

የወላጆች ስብሰባ በጥቅምት ተጠራ። አጀንዳው ሲያልቅ እጄን አወጣሁ። ዳይሬክተሯ ተቀምጬ እንድናገር አለችኝ፤ ቆሜ ነው የምናገረው አልኳት። የተናገርኩት አጭር ነው። አምና የተነሳው ልጅ እምቢ ማለት አይችልም ብያችሁ ነበር፤ እምቢ እንዳይል ያደረግነው እኛ ነን፤ ሦስት ደብዳቤ ያስቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ያስቀደድኩትም ለእህቴ ልጅ ነው፤ እመሰክርልሃለሁ ብዬው አልመሰከርኩም። ያቺ ሰሌዳም ለምን እንደነበረች አውቃለሁ።

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሰደበኝም። ቄሱ ከኋላ ተነሳና «አብሬው ነበርኩ» ብሎ ተቀመጠ። አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ያንን ልጅ ነው እንዴ ያስነሳነው?» ስትል ሰማሁ። የእህቴ ልጅ ወጣ፤ የባጃጁ ድምፅ ሲርቅ ሁላችንም ሰማነው። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አልላከችልኝም። ዳይሬክተሩ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ከወረዳ የሰማ ሰው አልነበረም፣ ቢሰማም የተጻፈው ተጽፏል። የልጄ ልጅ ደውላ ነገረችው። እሺ፣ ደህና ነው አላት፤ ከዚያ ስለ ሒሳቧ ጠየቃት። አሁንም አልፎ አልፎ ትደውልለታለች፤ ሰላም በይልኝ ይላል። አፉ ብያለሁ አላለኝም። እኔም አላስጠይቅም።

ሰሌዳዋን ዳይሬክተሯ በማግስቱ ሰቀለቻት።

ከዚያ ስንት ሳምንት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ረፋድ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ መጡ። ሁለቱ የመስጊድ ጓደኞቼ ናቸው፤ ከፊት ቄሱ ነው። ሰላም ተባባልንና ሦስት በርጩማ አወጣሁ። አልተቀመጡም። ዳይሬክተሯ የእህቴን ልጅ ደብዳቤ ጽፋበታለች፤ እንደ ሰብሳቢነቴ አብሬያቸው ገብቼ እንድለምንላቸው ነው። እህቴም በዚህ ትታረቅሃለች አሉኝ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አለ ቄሱ።

በዚያ በኩል ቆሜ አላውቅም ነበር። ሦስት ሽበት ፊቴ ተደርድሮ ቆሟል። በአላህ አሉኝ፣ በእመቤቴ አሉኝ፣ በእናትህ አጥንት አሉኝ። እኔ አገሬ ላይ ነኝ፣ ቤቴ በር ላይ ነኝ፣ ሰዎቹም አብሬያቸው ያረጀሁ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ እሺ የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ ሊወጣ ደረሰ። ያ የደላንታ ልጅ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ለአገሩ እንግዳ፣ ብቻውን፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ አቁመነዋል። ፊቴን ዝቅ አደረግሁ፤ እነሱን አፍሬ ሳይሆን እሱን አፍሬ ነው።

«አልሄድም» አልኳቸው። «የእህቴ ልጅ ገብቶ ያስተምር።»

ቆምን። ፀሐዩ ጠነከረ። ሁለቱ አንዴ እኔን አንዴ ቄሱን ያያሉ። የዙሁር አዛን ሲሰማ ሁለቱ ጓደኞቼ ተያዩና ለሰላት እንደርሳለን ብለው ሄዱ። እኔና ቄሱ ቀረን። ጉልበቱን በእጁ ይዟል፤ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። እኔም አልተቀመጥኩም።

ከዚያ በሩን ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣ እሺ ሳልለው፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ክፉ፣» አለኝ ወደ ላይ እያየኝ፣ «እምቢታህንስ ተውኩልህ። ጉልበቴ ምን አደረገህ?»

ውኃ ላመጣለት ገባሁ።